የማክሰኞው ፎቶ

«እስከ አምስት ሰዓት ከቤት አርቂያቸው» አለ አንዷለም፣ የመታጠቢያ ቤቱን ማራገቢያ ካበራ በኋላ። በእነ መነን ቤት ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ቁም ነገር የሚወራው እዚያ ነው። አትላንታ ዳር ባለችው ክላርክስተን የአፓርትመንት ግድግዳ ምስጢር አይችልም፤ ሳሎን ውስጥ የተነፈሱት መኝታ ቤት ይሰማል። ማራገቢያው ግን እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ነገር ይሸፍናል። ባል የገንዳው ጠርዝ ላይ፣ ሚስት የመጸዳጃው ክዳን ላይ ተቀምጠው፣ ከበሩ ወዲያ ቁርሳቸውን የሚበሉትን ወይዘሮ አረጋሽን እንዴት አድርገው እንደሚያታልሉ ይመክራሉ። መነን የምታታልለው የገዛ እናቷን ነው። ዛሬ ቅዳሜ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ሰው ውሸት እየለመደ ይሄዳል የሚሉ አሉ፤ እሷን ግን በየቀኑ እየባሰባት ነው የመጣው።

«ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት አልነበር የተባለው?» አለች።

«ነበር። አቶ ሳህሌን ኤርፖርት ኦቨርታይም አስገቧቸው። እስከ አራት ሰዓት አይወጡም።»

«ሌላ ሰው ይንገራታ።»

«ማን? የእድሩ ኤልቃና? ባለፈው ልንገር ብሎ ገብቶ ከባለ መርዶው በፊት እሱ ነው የወደቀው። ባይሆን ዎክ ይዘሻቸው ውጪ። ካሜራውን ከያዙ ሰዓቱን ልብ አይሉትም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የወይዘሮ አረጋሽ ታላቅ እህት አፀደ፣ ዳሌያቸው ተሰብሮ አዲስ አበባ አልጋ ላይ ከዋሉ ሰባት ወር ሆኗቸው ነበር። ሰኞ ንጋት ላይ አረፉ፤ ማክሰኞ ተቀበሩ። ወሬው መነን ጋ የደረሰው ሥራ ቦታ ነው። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ለአንዲት አሮጊት ካልሲ ስታለብስ ስልኳ ጠራ። ሁለተኛውን ካልሲ አልብሳ ጨረሰች፤ የምሳ እረፍቷን ጠየቀች፤ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሃያ ደቂቃ አለቀሰች፤ ፊቷን በእርጥብ ሶፍት ጠርጋ ተመለሰች። ለቅሶዋ ያ ነው፤ ሃያ ደቂቃ። ከአሥር ዓመቷ አንስቶ ኮሌጅ እስክትገባ ያሳደጓት፣ የመጀመሪያ ጡት መያዣዋን ሳይቀር ገዝተው ያለበሷት እታለም አፀደ ናቸው፤ እሷን ግን «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ያላት ሰው የለም። የሁሉም ሐሳብ ወይዘሮ አረጋሽ እስኪረዱ ድረስ ነበር። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። በስልክ አይነገርም፤ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም፤ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ዘመድ ከብቦ፣ ሰሚው ሲወድቅ የሚይዙ ክንዶች ተዘጋጅተው ነው የሚነገር። አዲስ አበባ ቢሆን ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ያልቅ ነበር። አትላንታ ግን ጎህ ሲቀድ ሁሉም ሰው ሺፍት ላይ ነው፤ ስለዚህ የወይዘሮ አረጋሽ ሐዘን ለቅዳሜ ተቀጠረ። የሰባት ዓመቷ ልጃቸው ሀሌሉያ ምስጢር ስለማትይዝ ስማይርና ከተማ አጎቷ ቤት ተላከች። የወይዘሮ አረጋሽ ስልክ «ስክሪኑ ተበላሽቷል፣ ለጥገና ሰጥተነዋል» ተብሎ ከትራሳቸው ሥር ተነሣና የአንዷለም ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ካሜራው የመጣው በዚህ ነው። ወይዘሮ አረጋሽ ስኳር አለባቸው፤ ሐኪሟ በቀን አርባ ደቂቃ ይራመዱ ብላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ክረምቱን ሙሉ ከሶፋው ንቅንቅ አላሉም። «የት ልደርስ ነው የምራመደው?» ይላሉ። እውነትም፣ መድረሻ የሌለው መንገድ የእብድ ሥራ ነው ብለው ያደጉ ሰው ናቸው። መላውን ያመጡት አፀደ ነበሩ። በአልጋቸው ላይ እንዳሉ በቴሌግራም ድምፅ ላኩ፦ «እኔ መራመድ አልቻልኩም፣ አንቺ እየቻልሽ ትቀመጫለሽ። በይ ተነሺና ፎቶ እያነሳሽ ላኪልኝ፤ አብረን እንሂድ።» ከዚያ ቀን ወዲህ ወይዘሮ አረጋሽን የሚይዛቸው ጠፋ። በቀን ሃያ ሠላሳ ፎቶ አንስተው ይልካሉ፤ አፀደ ለእያንዳንዱ ይመልሳሉ፤ ይሄኛው አጥር ጠማማ ነው፣ ያችኛዋ ሴትዮ ቀሚስ አጥሯታል። የወይዘሮ አረጋሽ ስኳር ወረደ፤ እግራቸው ቀጠነ። እንግዲህ ስልኩ ሰኞ ሲወሰድ መራመዱም አብሮ ሊቀር ሆነ፤ ቤት ከዋሉ ደግሞ ይጠረጥራሉ። አንዷለም በዚያው ዕለት ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ አንድ አሮጌ ካሜራ በአርባ አምስት ዶላር ገዝቶ መጣ። «ይሄ ከስልኩ ይበልጣል፤ ፎቶውን በኋላ በኮምፒውተር እንልክላቸዋለን» አላቸው። ወይዘሮ አረጋሽ ሁለቱን እጆቹን ሳሙት። የሳሟቸው እጆች ውሸቱን የሠሩት መሆናቸውን ሲያይ አንዷለም ራሱ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ፤ ሲጋራ ካቆመ አራት ዓመቱ ነበር።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እናትና ልጅ ወጡ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ነው፤ አትላንታ በዚህ ጊዜ ቢጫ ናት። የጥዱ ብናኝ መኪናውን፣ ደረጃውን፣ የተሰጣውን ልብስ ሳይቀር ያለብሰዋል፤ ግማሹ ሰው ዓይኑ ቀልቶ አፍንጫውን እየጠረገ ነው የሚውለው። ለመነን ይህ ትልቅ ውለታ ነበር። ዓይኗ ለምን እንደቀላ የጠየቃት ሁሉ «ፖለን ነው» ስትለው ያምናታል። ወይዘሮ አረጋሽ ካሜራውን በአንገታቸው አንጠልጥለው፣ ነጠላቸውን በወገባቸው አስረው፣ ባለፈው ወር የገዛችላቸውን ነጭ ስኒከር ተጫምተው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ማንም ያልተቀመጠበት የሚመስል አረንጓዴ ሶፋ ተጥሏል። ከቀኝ አነሱት፤ ከግራ አነሱት፤ ዞረው ጀርባውን አነሱት። «አፀደ ይሄን ብታይ ታብዳለች» አሉ። «ጭነሽ ላኪልኝ ነው የምትለኝ። የእሷን አልጋ ሽቦ ታውቂው የለ፣ ጎኗን ሲልጠው ነው የከረመ።» መነን «አዎ» አለች። ወደ ሶፋው ጎንበስ ብላ ጨርቁን የምትመረምር መሰለች። በሰባት ወር ውስጥ የአልጋውን ሽቦ ለማስቀየር ገንዘብ እልካለሁ እያለች ሳትልክ ነበር የቀረችው። ያ ነገር ከሰኞ ጀምሮ ደረቷ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

የባቡር ሐዲዱን ታክኮ የሚሄደው የእግረኛ መንገድ ላይ ወጡ። ወይዘሮ አረጋሽ ውብ ነገር አያነሱም፤ አበባና ሰማይ የትም አለ ባይ ናቸው። የሚያነሱት አፀደን የሚያናግር ነገር ነው፦ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ውሻ፣ በር ላይ ተደርድሮ የተረሳ የገና መብራት፣ ሁለት እግሩ የተለያየ ካልሲ ያጠለቀ ሯጭ። እያንዳንዱን ሲያነሱ እህታቸው የሚመልሱትን ቀድመው ይናገራሉ፤ ድምፃቸውን ቀጠን አድርገው፣ እንደ አፀደ ከአፍንጫቸው። ደህና አድርገው ነው የሚያስመስሏቸው። መነን ከኋላ እየተከተለች የሞተች ሴት ድምፅ ትሰማለች። ሰዓቷን አየች፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ። ከመቼ ወዲህ ነው ጊዜ እንዲህ የሚንቀራፈፈው? ሥራ ላይ ቢሆን ሁለት ሰዓት ማለት አራት አልጋ ማንጠፍና ሦስት ሰው ማጠብ ነው፤ ቁጭ ሳይሉ ያልቃል።

መንገዱ አስፋልቱን በሚያቋርጥበት መብራት ጋ ቆመው ሳለ የሃኒ ግራጫ መኪና መጥታ ከፊታቸው ቆመች። ሃኒ የእድሩ ጸሐፊ ናት፤ ወይዘሮ አረጋሽን እንደ እናቷ ነው የምታያቸው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው እሷ ናት። የመኪናዋ የኋላ ወንበር እስከ ጣሪያው ድረስ በታጣፊ ወንበር ተሞልቷል፤ ከፊት ደግሞ ትልቅ ድስት በቀበቶ ታስሮ ተቀምጧል። ወይዘሮ አረጋሽ ፊታቸው በራ፤ እጃቸውን አውለበለቡ፤ ካሜራውን አንስተው ሊያነሷት አነጣጠሩ። ሃኒ አየቻቸው። ማየቷን መነን በደንብ ነው ያየችው። ከዚያ ወደ መሬት የወደቀ ነገር የምትፈልግ መስላ ከመሪው ሥር ጎንበስ አለች፤ መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆንም ቀና አላለችም። ወይዘሮ አረጋሽ ካሜራውን ዝቅ አደረጉ። ፎቶውን አላነሱትም።

ከመብራቱ አልፈው ሐዲዱ ዳር ወዳለ አግዳሚ ደረሱ። ተቀመጡ። መነንም ተቀመጠች። በሁለቱ መካከል ካሜራው አለ።

«ሃኒ ዘጋችኝ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

«አላየችሽም እማዬ።»

«አይታኛለች። ሐሙስ እንመጣለን ያሉት ሴቶችም አልመጡም። ረቡዕ ሱቅ ስንገባ እነዚያ ሁለት ሴቶች እንዴት እንደሆኑ አላየሽም? አንዷ ስማኝ ስታበቃ አንገቴ ሥር ገብታ ቆየች፤ ሌላዋ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ምን አጥፍቼ ነው ሰው የሚሸሸኝ?»

መነን የካሜራውን ማንጠልጠያ አስተካከለች። እውነቱን ለመናገር ሰው ሁሉ ከእናቷ የሸሸው ፊታቸውን እያየ መዋሸት ስላቃተው ነው፤ ይህን እሷም ታውቃለች። ያላሰበችው የሸሹት ሰው ምን እንደሚሰማው ነበር። ስድስት ቀን ሙሉ ዜናው እንዳይሰማ ሲጠበቅ የሴትዮዋ ልብ እንዳይሰበር የጠበቀ አልነበረም።

«የማላውቅ አይምሰልሽ» ቀጠሉ እናቷ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ሲያስቡበት ያደሩት ነገር ነው። «ከባልሽ ጋር መታጠቢያ ቤት እየገባችሁ ስለ እኔ እንደምታወሩ አውቃለሁ። ሀሌሉያን አርቃችኋታል። አንቺ ዓይንሽ እንደ በርበሬ ነው። ሰውም ሰምቶ ነው የሚሸሸኝ። ልትመልሱኝ ነው አይደል? ቲኬት ቆርጣችሁልኛል።»

«ኧረ እማዬ...»

«አልቀየምም ልጄ። ቤቱ ጠቧችኋል፤ ልጅቷ ክፍል ያስፈልጋታል፤ የእኔ መድኃኒትም ቀላል ወጪ አይደለም። እንዲያውም...» አሉና ካሜራውን አንስተው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ ፈገግ አሉ። «እንዲያውም ሌሊቱን ሳስበው ደስ አለኝ። አፀደን አስታምማታለሁ። ሽቦዋን አስቀይርላታለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግፌ በረንዳ አወጣታለሁ። ለፋሲካ እደርሳለሁ አይደል?»

መነን ሌላውን ሁሉ ችላ ነበር። ሶፋውን ችላለች፤ በአፍንጫ የሚወጣውን ድምፅ ችላለች። እናቷ ለተቀበረች ሴት የአልጋ ሽቦ ሲቀይሩ ግን መስማት አቃታት። የምትሠራበት ቤት ሰው ሲሞት ነርሷ ቆማ ስልክ ትደውላለች፤ በሁለት ደቂቃ ሁሉም ተነግሮ ያልቃል፤ ከዚያ አንሶላው ይቀየራል። መነን በዚህ ስትገረምና ስታዝን ስምንት ዓመት ቆይታለች። አሁን ግን አፏ ያንኑ አደረገ።

«እማዬ፣ እታለም አርፋለች» አለች።

ልክ በዚያን ጊዜ የጭነት ባቡሩ መጣ። በክላርክስተን ባቡር ሲያልፍ ሰው ወሬውን አቁሞ ይጠብቃል፤ ሌላ ምርጫ የለም። መቶ ምናምን ፉርጎ እየተንቋቋ ሲያልፍ ወይዘሮ አረጋሽ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው «ምን አልሽ?» የሚል ፊት ለልጃቸው አሳዩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ለመነን ግን ባቡሩ ቃሏን መልሶ ሰጥቷት ነበር። አራት ደቂቃ ሙሉ ሰጥቷታል። «ምንም አላልኩም፣ ለፋሲካ ትደርሻለሽ ነው ያልኩት» ማለት ትችል ነበር። አቶ ሳህሌ አሁን ሥራ ሊወጡ ነው፤ ሃኒ ወንበሮቹን እያወረደች ይሆናል፤ አንድ ሰዓት ከምናምን ብቻ ነው የቀረው። ይህን ሁሉ አስባለች። የመጨረሻው ፉርጎ አልፎ ዝም ሲል ደገመችው። ለምን እንደደገመችው በኋላም ቢሆን ለማንም ማስረዳት አልቻለችም። ብቻዋን መሸከሙ ሰልችቷት ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

ወይዘሮ አረጋሽ አልጮሁም። ክው ብለው ሐዲዱን ሲያዩ ቆዩ። አንድ ነጭ ሽማግሌ ውሻውን እየጎተተ አለፈና «ጉድ ሞርኒንግ» አላቸው። መነን መለሰችለት።

«መቼ?» አሉ እናቷ።

«ሰኞ።»

«ቀብሯስ?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ። ካሜራውን አነሱና በአውራ ጣታቸው ወደ ኋላ መሄድ ጀመሩ። ቁልፎቹን ከአንዷለም ይልቅ እሳቸው ያውቋቸዋል። ውሻው፣ ሶፋው፣ የዓርብ ፎቶዎች፣ የሐሙስ፣ የረቡዕ። ካሜራው በእያንዳንዱ ፎቶ ጥግ ላይ ቀኑን በብርቱካን ቀለም ይጽፋል፤ ማንም ማጥፋት አልቻለም ነበር። ማክሰኞ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። እሳቸው ናቸው፤ በነጭ አበባ በተሸፈነ ዛፍ ሥር ቆመው ከት ብለው ሲስቁ፣ የጎደለ ጥርሳቸውን በእጃቸው ሊሸፍኑ ሲሞክሩ። በዚያን ቀን መነን ከሥራ ወጥታ ስትደርስ «ለአፀደ የሚሄድ አንድ አንሺኝ» ብለዋት ነበር። ኮስተር ብለው እንደ ፓስፖርት ፎቶ ሲቆሙ፣ የምትለው ጠፍቷት ያን ቃል ተናገረች።

«አንቺ ነሽ ‹ሳቂ እንጂ› ያልሽኝ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

«አዎ።»

«እህቴ አፈር ስትለብስ።»

መነን እጃቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች። አልሰጧትም። ያን ጊዜ ቁጣቸው መጣ፤ ስለ ሳቁ ሳይሆን ስለ መንገዱ ነበር። «መርዶ መንገድ ላይ ይነገራል? ብጮህ ማን ይሰማኛል? ብወድቅ አንቺ ብቻሽን ታነሺኛለሽ? ስድስት ቀን የደበቅሽውን አንድ ሰዓት መቆየት አቃተሽ? እኔ እንደ ሰው በሰው መሐል ነው ማልቀስ የምፈልገው። እህቴን የባቡር መንገድ ዳር ልቅበራት?» ይህን ብለው ነጠላቸውን ከወገባቸው ፈቱና ትከሻቸው ላይ አደረጉት። ወዲያው ደግሞ መልሰው ወገባቸው ላይ አሰሩት። «ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?»

«አምስት ሰዓት።»

«አቶ ሳህሌ ይነግሩኛል። አንቺ ምንም አልነገርሽኝም። እኔም ምንም አልሰማሁም።»

ተመለሱ። ወይዘሮ አረጋሽ ያን ሁሉ መንገድ ከፊት ከፊት ሄዱ። አንድም ጊዜ አልቆሙም፤ ካሜራው ደረታቸው ላይ እየተወዛወዘ ምንም አላነሱም። ቤት ሲደርሱ አንዷለም በሩን ከፍቶ «እንዴት ነበር ዎኩ?» አላቸው፤ ድምፁ ከልክ በላይ ደስተኛ ነበር። «ደስ ይላል» አሉት። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ከበስተኋላው የታጣፊ ወንበሮቹ እግር በሩን ገፍቶ በስንጥቁ ይታያል። ወይዘሮ አረጋሽ እንዳላዩ አልፈው እጃቸውን ታጠቡና ሶፋው ላይ፣ ሁልጊዜ የሚቀመጡበት ጥግ ላይ ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑን ክፈትልኝ አሉት። ከፈተላቸው። እንደዚያ ሆነው እህታቸው መሞታቸው እስኪነገራቸው ጠበቁ። መነን ወጥ ቤት ቆማ ባዶ ብርጭቆ ደጋግማ ታጥብ ነበር። እናቷን እንዲህ የፈራችበት ቀን አልነበረም።

አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጡ። ሃያ ያህል ሰው ነው፤ ከአፓርትመንቱ ግቢ ቶው ተደርጎ እንዳይጎተትባቸው መኪናቸውን ሌላ ቦታ ፓርክ አድርገው በእግራቸው ሰብሰብ ብለው ገቡ። አቶ ሳህሌ የኤርፖርቱን ሸሚዝ በጥቁር ኮት ሸፍነውታል፤ ዓይናቸው እንቅልፍ አጥቷል። ወንዶቹ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ሆን ያሉ ሳይመስሉ ወይዘሮ አረጋሽን ከግራና ቀኝ ከበቡ። ስለ መንገዱ መዘጋጋት ተወራ፤ ስለ እንቁላል ዋጋ ተወራ፤ ስለ ብናኙ ተወራ። «በሰላም ነው ሁላችሁም አንድ ላይ?» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ፤ እንደ ወጉ። ያን ጊዜ አቶ ሳህሌ ኮታቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ወይዘሮ አረጋሽ» አሉ። «የሰው ልጅ እንግዳ ነው። እርስዎም ያውቁታል። እህትዎ ወይዘሮ አፀደ፣ ብዙ ታመው፣ ብዙ ደክመው፣ አርፈዋል። እግዚአብሔር ያጥናዎ።»

ሃኒ ቀድማ ጮኸች። ሌሎቹ ተከተሉ። አሥር ክንድ በአንድ ጊዜ ወደ ወይዘሮ አረጋሽ ተዘረጋ፤ እሳቸው ግን አልወደቁም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አፋቸውን ከፈቱ፤ መነን ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆና ሲከፍቱት አየች፤ ግን ምንም አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። በሰው ለቅሶ እንኳ እሳቸው ሲገቡ ቤቱ የሚናወጥ ሴት ነበሩ። የሴቶቹ ጩኸት ቀስ በቀስ ወረደ፤ የዘረጉት ክንድ በአየር ላይ ቀረ፤ የሚይዙት ሰው አልነበረምና እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከበሩ አጠገብ አንዷ ለሌላዋ «ታውቅ ነበር እንዴ?» አለች። «አሜሪካ ልብን ያደርቃል» አለች ሌላዋ፤ ዝም ባለ ቤት ውስጥ ድምጿ ከፍ ብሎ ተሰማ። አንዷለም ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ያ አተያይ ጥያቄ አልነበረም። አቶ ሳህሌም እሱ ያየውን ተከትለው ወደ መነን ዞሩ። መነን አንገቷን ደፋች። አሁን ሁሉም ሊያውቅ ነው፤ እናቷን መንገድ ላይ ያረዳች ሴት ተብላ ልትኖር ነው፤ ይህ ደግሞ በዚህ ከተማ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ዘመን የሚፈጅ ስም ነው።

«ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ አረጋሽ።

ሃኒ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«ማክሰኞ ሌሊት በሕልሜ መጥታ ነግራኛለች» አሉ። «በሁለት እግሯ ቆማ፣ ያን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ። ‹አረጋሽ፣ ዳሌዬ ዳነልኝ እኮ› አለችኝ። ሂጂ ነይም ሳትለኝ በበረንዳው በኩል ወጣች። ያን ሌሊት ትራሴ እስኪርስ አልቅሼ ነው የነጋልኝ። እንባዬ አልቋል። ለልጆቼ አልነገርኳቸውም፤ ይደነግጡብኛል ብዬ ደበቅኳቸው።»

ያን ጊዜ ቤቱ ተናወጠ። «ደም ይናገራል፣ እህት አይደለች» አሉ አቶ ሳህሌ፣ እንቅልፍ ካጣ ዓይናቸው እንባ በጉንጫቸው ወርዶ። «አሜሪካ ልብን ያደርቃል» ያለችው ሴት ደረቷን እየመታች ነበር። ሃኒ ወይዘሮ አረጋሽ እግር ሥር ወድቃ «በመብራቱ አይቼዎት ዞር አልኩ፣ ይቅር ይበሉኝ» እያለች ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም ጭንቅላቷን ዳበሷት። የሚያጽናኑት ሁሉ አልቃሽ፣ ሐዘንተኛዋ አጽናኝ ሆኑ። ሕልሙ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ለአርባ ይወራል፤ ለተዝካር ይወራል፤ የአፀደና የአረጋሽ ፍቅር ምስክር ሆኖ ይኖራል። ማክሰኞ ሌሊት እናቷ ሲያንኮራፉ እንዳደሩ፣ እንቅልፍ አጥታ በግድግዳው በኩል የሰማች መነን ብቻ ናት።

ሃኒ ያመጣችው ንፍሮ ተዞረ። መነን በሳህን ይዛ እናቷ ጋ ስትደርስ ወይዘሮ አረጋሽ አንድ እፍኝ ዘግነው፣ በሌላው እጃቸው ክንዷን ያዙና ወደ አፋቸው ሳብ አደረጓት። ከውጭ ለሚያይ እናት ልጇን የምታጽናና ይመስላል።

«ያን ፎቶ አጥፊው» አሏት። «ሰው እንዳያየው።»

«እሺ እማዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህ ነገር እንዳታነሺብኝ።» ክንዷን ለቀቁት። ከዚያም ከጎናቸው ወዳለችው ሴት ዞሩ።

መነን ካሜራውን በነጠላዋ ሥር አድርጋ መታጠቢያ ቤት ገባች። በሩን ቆለፈች። የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ማክሰኞ እስክትደርስ ወደ ኋላ ሄደች። እናቷ በነጭ አበባው ሥር ይስቃሉ። እንዲህ ሲስቁ ከመጡ ወዲህ አይታቸው አታውቅም፤ ከእንግዲህም እንደማታይ ገባት፤ ያሳቀቻቸውም እሷ ነበረች። ያን ስታስብ ስድስት ቀን የያዘችው ለቅሶ መጣ፤ ድምፅ እንዳይሰማ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ሳሎን ውስጥ አንዷ ሴት የሕልሙን ነገር አሁን ለገባ ሰው ከመጀመሪያው እየነገረችው ነው። መነን የማጥፊያውን ቁልፍ ተጫነች። ካሜራው እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲል ጠየቃት፤ አዎ የሚለውን መረጠች። የማክሰኞው ጠፋና የሕልሙ ማግስት፣ የረቡዑ ብቅ አለ። ወይዘሮ አረጋሽ እሱም ላይ እየሳቁ ነበር።